«ብሩ ከገባ አለቀ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ዩኤስዲቲን (ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተያያዘ ዲጂታል ገንዘብ) እና ሌሎች ክሪፕቶ ገንዘቦችን ከሰው ለሰው በሚደረግ ግብይት፣ በተለምዶ ፒቱፒ በምንለው መንገድ፣ ሳይጭበረበሩ እንዴት መሸጥ እንደሚቻል የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ቡድኖች በስፋት ሲዘዋወር ቆይቷል። ለእኔ ብቻ በሦስት ቀን ውስጥ አራት ሰዎች ልከውልኛል። ከአራቱ አንዷ የእህቴ ልጅ ስትሆን፣ ከቤቷ ሆና ለውጭ አገር ድርጅት በሠራችው የዲዛይን ሥራ የመጀመሪያ ክፍያዋን በዩኤስዲቲ ተቀብላ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ አድርጌ ልሽጠው?» ስትል ጽሑፉን አያይዛ ጠየቀችኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በቅንነት የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ምክሩን ቃል በቃል የሚከተል ሰው ከጥቃቅኑ ማጭበርበር ድኖ ለትልቁ የሚጋለጥ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በቅድሚያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው ስድስት ነገሮችን ይላሉ። ሻጭ የገዢን ስክሪንሾት ሳያምን የራሱን ሂሳብ ከፍቶ ብሩ መግባቱን ካረጋገጠ ግብይቱ በሰላም ተጠናቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያሰጋው ነገር የለም። የግብይት መድረኮች ክሪፕቶውን በአደራ የሚይዙበት ኤስክሮው የሚባለው አሠራር ጊዜ ከማባከንና ዋጋ ከማሳነስ በቀር ስለማይጠቅም፣ በታወቀ የቴሌግራም ደላላ በኩል መሸጥ ይሻላል። ከሁሉም የሚበልጠው አስተማማኝ መንገድ ግን ፊት ለፊት ተገናኝቶ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ግብይት ያጠናቀቀ ገዢ ሊጠረጠር አይገባም። ብሎክቼይን የሚባለው የክሪፕቶ ዝውውሮች ይፋዊ ዲጂታል መዝገብ እያንዳንዱን ዝውውር ስለሚመዘግብ፣ የከፋ ነገር ቢመጣ እንኳ የተወሰደውን ተከታትሎ ማስመለስ ይቻላል። በመጨረሻም ሕጉ ሻጭን የሚያሳስብ ነገር ስለሌለው፣ ባንክ ስለገባው ብር ቢጠይቅ «ከቤተሰብ የተላከልኝ ነው» ብሎ መመለስ በቂ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው፤ ያንን ግማሽ ሳልሸራርፍ እቀበላለሁ። ስክሪንሾት በስልክ ላይ በሁለት ደቂቃ ተስተካክሎ ይሠራል። የባንክን አጭር መልእክት አስመስሎ ጽፎ ከተራ የስልክ ቁጥር መላክም እንዲሁ ቀላል ነው፤ የተቻኮለ ሻጭ የብሩን መጠን እንጂ መልእክቱ ከማን እንደመጣ አያይም። ስለዚህ ጸሐፊው «የባንካችሁን መተግበሪያ ራሳችሁ ክፈቱ፤ ቀሪ ሂሳባችሁ መጨመሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ሪሊዝ አታድርጉ»፣ ማለትም ክሪፕቶውን ለገዢው አትልቀቁ፣ ማለታቸው ትክክል ነው። ይህን ብቻ ብለው ቢያቆሙ ኖሮ ይህ ምላሽ አይጻፍም ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው «ከዚያ በኋላ የሚያሰጋ ነገር የለም» ከሚለው ነው። ብሩ ወደ ሂሳቤ መግባቱና ብሩ የእኔ መሆኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረው ችግር፣ ብዙ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሌላቸውን ብር በአንድ ሌሊት አውጥተውና አስተላልፈው እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ባንኩ ያለአግባብ ተወሰደ ያለው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ ተመላሽ እንዲሆን ጠየቀ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ፣ አብዛኛውንም አስመለሰ። በዚያን ሌሊት ብሩ በብዙ ሰው ስልክ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር፤ መታየቱ ግን የማንም አላደረገውም። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ያለአግባብ በሌላ ሰው ሀብት የበለጸገ ሰው እንዲመልስ፣ የማይገባውን ክፍያ የከፈለ ሰውም ገንዘቡን እንዲጠይቅ የሚፈቅዱ ድንጋጌዎች አሉት።

ይህ ለክሪፕቶ ሻጭ ምኑ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። አጭበርባሪው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በአንድ በኩል የሌለ ዕቃ፣ የሌለ መኪና ወይም የሌለ የኪራይ ቤት በማኅበራዊ ሚዲያ ያስተዋውቃል፤ በሌላ በኩል ከእርስዎ ዩኤስዲቲ ለመግዛት በመድረኩ ላይ ኦርደር፣ ማለትም የግዢ ጥያቄ፣ ይከፍታል። ለዕቃው ገዢ የእርስዎን የሂሳብ ቁጥር የራሱ አስመስሎ ይሰጠዋል። ያ ምስኪን ሰው ብሩን ለእርስዎ ይልካል፤ እርስዎ ሂሳብዎን ከፍተው ብሩ መግባቱን ያያሉ፤ ሪሊዝ ያደርጋሉ። አጭበርባሪው አንድም ብር ከኪሱ ሳያወጣ ዩኤስዲቲውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የተበደለው ሰው ለፖሊስ ሲያመለክት በእጁ ያለው ብቸኛ ማስረጃ የእርስዎ ስምና የሂሳብ ቁጥር ነው። በዚህ ማጭበርበር ውስጥ ሐሰተኛ ስክሪንሾት የለም፤ ሐሰተኛ መልእክትም የለም። ጸሐፊው ያዘዙትን ጥንቃቄ ሁሉ የፈጸመ ሻጭ ቀጥ ብሎ የሚገባበት ወጥመድ ነው።

ይህን የማውቀው ስለደረሰብኝ ነው። አምና በጥቅምት ወር 250 ዩኤስዲቲ ለሽያጭ አወጣሁ። ገዢው በመድረኩ ላይ የወንድ ስም የነበረው፣ ንግግሩ የታረመ፣ በየመልእክቱ «ወንድሜ» የሚለኝ ሰው ነበር። በአራት ደቂቃ ውስጥ 32,500 ብር ገባ፤ ላኪዋ ግን ሴት ነበረች። ስጠይቀው «የእህቴ አካውንት ነው ወንድሜ፣ የእኔ የቀን ገደቡ ሞልቶብኝ ነው» አለኝ፤ ብሩ በእርግጥ ገብቶ ስለነበር ለቀቅኩለት። በስድስተኛው ቀን ከኤቲኤም ብር ለማውጣት ስሞክር እምቢ አለኝ። ቅርንጫፉ ሄጄ ስጠይቅ ሠራተኛዋ ስክሪኑን ጥቂት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሂሳብዎ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዷል» አለችኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ያገኘኋት ሴት የማንም እህት አልነበረችም። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለኪራይ በቴሌግራም አይታ ቀብድ የላከች የሁለት ልጆች እናት ናት። የቤቱን ፎቶ ከስልኳ አልሰረዘችውም ነበር፤ አረንጓዴ የብረት በር፣ በሩ ሥር ሁለት የአበባ ማሰሮ። የከፈለችበትን ደረሰኝ ስታሳየኝ በ«ምክንያት» መስመር ላይ «የቤት ኪራይ ቀብድ» የሚል ተጽፎበታል። ያው መስመር በእኔም ስልክ ላይ በዚያች ዕለት ታይቶ ነበር። መጠኑን እንጂ ምክንያቱን አላነበብኩም። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ሂሳቤ የተከፈተው ግን በ47ኛው ቀን ነው። በእነዚያ 47 ቀናት የታገደብኝ የሸጥኩት የዩኤስዲቲ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ደመወዜና የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ጭምር ነበር።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ያልኳት «ብሩ ገባ ወይ?» ከሚለው በፊት «የማን ብር ገባ?» ብለሽ ጠይቂ ነው። የላኪው ስም በመድረኩ ላይ ማንነቱን ካረጋገጠው ገዢ ስም ጋር መግጠም አለበት። ስሞቻችን በላቲን ፊደል ሲጻፉ ባንኩ አንድ ዓይነት፣ መድረኩ ሌላ ዓይነት አድርጎ ሊጽፋቸው ይችላል፤ አንድ ፊደል ቢጎድል ወይም ቢጨመር አያስደነግጥም። የአባትና የአያት ስም ሲለይ ግን ሌላ ሰው ነው። «የወንድሜ ነው»፣ «የባለቤቴ ነው»፣ «የድርጅቴ ገንዘብ ያዥ ነው» የሚሉት መልሶች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሻጭ ግን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ታዋቂዎቹ መድረኮች፣ ባይናንስን ጨምሮ፣ የሦስተኛ ወገን ክፍያን የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ስሙ ካልገጠመ ሪሊዝ አለማድረግ፣ ለመድረኩ አቤቱታ ማቅረብ፣ ብሩንም በባንኩ በኩል ወደመጣበት ያው ሂሳብ መመለስ ነው። ገዢው «ወደዚህኛው ሂሳብ መልስልኝ» ብሎ ሌላ ቁጥር ከሰጠ በፍጹም መላክ አይገባም፤ ያ ሁለተኛው ዙር ማጭበርበር ነው።

በዚህ ላይ የቆየሁት ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚንጠለጠል ነው። ኤስክሮው አይጠቅምም የሚለውን ሁለተኛውን ነጥብ እንመልከት። ጸሐፊው ስለ መዘግየቱ ያሉት እውነትነት አለው፤ አቤቱታ ሲቀርብ መልስ እስኪመጣ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል፤ በዚያ መሐል ክሪፕቶው ተቆልፎ ይቆያል። ነገር ግን መቆለፉ ራሱ ጥቅሙ ነው። ኦርደር ሲከፈት የሻጩ ክሪፕቶ በአደራ ስለሚያዝ ገዢው ከፍሎ ባዶ እጁን አይቀርም፤ ሻጩም ክፍያውን እስኪያጣራ ድረስ ንብረቱ ከእጁ አይወጣም። ክርክር ቢነሣ የኦርደሩ ቁጥር፣ የሁለቱ ሰዎች የጽሑፍ ንግግርና የገዢው የተረጋገጠ ስም በአንድ ቦታ ተመዝግበው ይገኛሉ። እኔ በመርማሪው ፊት ከአጭበርባሪው የተለየሁ ሰው መሆኔን ያሳየሁት በዚህ መዝገብ ነው። የቴሌግራም ደላላ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ይሰጣል?

ደላላው ራሱ ታማኝ ሰው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። ነገር ግን በቴሌግራም ላይ ፎቶውንና የሚታየውን ስም ማንም መቅዳት ይችላል፤ የማይደገመው የተጠቃሚ ስሙ ብቻ ነው፤ እርሱንም በአንዲት ፊደል ለይቶ መክፈት ቀላል ነው። ብዙ ሰው የተዘረፈው በታወቀው ደላላ ሳይሆን የታወቀውን ደላላ መስሎ በግል መልእክት በመጣ ሰው ነው። የዋጋውንም ነገር ጸሐፊው ስላነሡት እናስላው። ደላላው በአንድ ዩኤስዲቲ ሁለት ብር አስበልጦ ቢሰጥ፣ በ250 ዩኤስዲቲ ላይ የሚገኘው ትርፍ 500 ብር ነው። አንድ ጊዜ 32,500 ብር ያጣ ሰው ያንን ኪሳራ ለመሸፈን 65 ጊዜ በሰላም መሸጥ ይኖርበታል።

በጥሬ ገንዘብ ፊት ለፊት መሸጥ የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ነጥብ አንጻር የሚማርክ መሆኑን መሸሸግ አልፈልግም። በእጅ የተቆጠረ ብር ሂሳብ አያሳግድም፤ የማይታወቅ ሦስተኛ ሰውም በመሐል አይገባም። ይሁን እንጂ ያንን 32,500 ብር በባለ 200 ብር ኖት ሲቀበሉ ከ160 በላይ ኖቶች ናቸው፤ እነርሱን በታክሲ ውስጥ ወይም በካፌ ጠረጴዛ ላይ እየቆጠሩ የእያንዳንዱን እውነተኛነት ማረጋገጥ አይቻልም። ከዚህ የሚብሰው የሰውነት ደህንነት ነው። ለግብይት የመጣ ሻጭ ስልኩን ከፍቶ፣ የክሪፕቶ ቦርሳውን ገልጦ፣ ከማያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጧል። የባንክ ዝውውርን ባንክ ሊያግደው ይችላል፤ በኃይል የተላከ ክሪፕቶን ግን የሚመልሰው የለም። በጥር 2017 ዓ.ም. በፈረንሳይ የክሪፕቶ መያዣ መሣሪያ የሚያመርተው ሌጀር የተባለ ኩባንያ ተባባሪ መሥራች ከባለቤቱ ጋር ታፍኖ፣ ጣቱ ተቆርጦ፣ ማስለቀቂያ በክሪፕቶ መጠየቁ ዘራፊዎች ይህን ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ያሳያል። ፊት ለፊት መገናኘት ግድ ከሆነ ቦታው የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ይሁን፤ ገዢው በራሱ መታወቂያ በመስኮት በኩል ያስገባ፤ ሻጩም ለዚያ ሽያጭ የሚበቃውን ብቻ የያዘ ቦርሳ እንጂ ያለውን ሁሉ በስልኩ ይዞ አይሂድ።

በመቶዎች የሚቆጠር ግብይት የፈጸመ ገዢ አይጠረጠርም የሚለው አራተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አካውንቱ እንጂ በዚያች ሰዓት አካውንቱን ስለያዘው ሰው አይደለም። የተረጋገጡ አካውንቶች ይሸጣሉ፣ ይከራያሉ፣ ይሰረቃሉም። አዲስ ከተከፈተ አካውንት ይልቅ የቆየውን መምረጥ ጥሩ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የስም ማመሳከሩን ግን የሚተካ አይደለም። እኔን ያታለለኝ ሰው አካውንት ከ300 በላይ የተጠናቀቀ ግብይት ነበረው።

አምስተኛው፣ ብሎክቼይን ሁሉን ስለሚመዘግብ የተወሰደው ይመለሳል የሚለው፣ ማየትንና መያዝን የሚያደባልቅ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ባይቢት ከተባለው የግብይት መድረክ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ክሪፕቶ ሲዘረፍ ገንዘቡ ከአድራሻ ወደ አድራሻ ሲሄድ ዓለም በሙሉ እያየው ነበር፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይም ዝርፊያውን የፈጸሙት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ግንኙነት ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን በይፋ አስታውቋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም የተዘረፈው በአብዛኛው አልተመለሰም። ለዚያ ትልቅ ድርጅት ያልሆነለት ለአንድ የ250 ዩኤስዲቲ ሻጭ ይሆንለታል ብሎ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይደለም። የዩኤስዲቲ አውጪ የሆነው ቴዘር የተባለው ኩባንያ አንድን አድራሻ የማገድ አቅም እንዳለው እውነት ነው፤ ሆኖም ይህን በአብዛኛው የሚያደርገው በሕግ አስከባሪ አካላት ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው እስኪደርስ አጭበርባሪው ክሪፕቶውን ለውጦ ጨርሷል። ቢትኮይን ከሆነ ደግሞ የሚያግድም አካል የለም። ከላይ በገለጽኩት ማጭበርበር ላይማ ሪሊዝ ያደረገው ሻጩ ራሱ በፈቃዱ ነው።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የመጨረሻው ነጥብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ ክሪፕቶን ለክፍያና ለግብይት መጠቀም ያልተፈቀደ መሆኑን ገልጾ፣ ሕዝቡም እንዲህ ያለውን ሲያይ እንዲጠቁም ጠይቋል። ብዙ ወጣቶች «መንግሥት ለቢትኮይን ማዕድን አውጪዎች ኤሌክትሪክ ይሸጥ የለም ወይ?» ይላሉ። ይሸጣል፤ ቢትኮይን በኮምፒውተር ለሚያመነጩ የዳታ ማዕከላት ኃይል መሸጥ ግን ዩኤስዲቲን በብር ለመሸጥ ፈቃድ መስጠት አይደለም። ስለዚህ «ሕጉ አያሳስብም» የሚለው አባባል አንባቢን ያሳስታል። አንድ ሰው ክፍያውን በባንክ በኩል መቀበል የሚችልበት መንገድ ካለው በዚያ ይቀበል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በባንክና በጎን ገበያ መካከል ያለው ልዩነት እንደ ቀድሞው እጥፍ ስላልሆነ፣ ለዚያ ልዩነት ሲባል ይህን ሁሉ አደጋ መሸከም አያዋጣም። ለእህቴ ልጅም በመጀመሪያ የመከርኳት ቀጣሪዋን በባንክ እንዲልክላት እንድትጠይቅ ነው።

ለባንክ «ከቤተሰብ የተላከልኝ ነው» ማለትን በተመለከተ ግን መካከለኛ አስተያየት የለኝም፤ ይህ ምክር ንጹሕን ሰው ወንጀለኛ የሚያስመስል ነው። በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከለክለው ሕግ ባንኮች አጠራጣሪ ዝውውሮችን ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በሌላ ሰው ሂሳብ በኩል የመጣ የተጭበረበረ ብር በእጁ ተገኝቶ፣ ስለ ምንጩም ውሸት የተናገረ ሰው፣ ከአጭበርባሪው የሚለይበትን ብቸኛ ነገር በገዛ አፉ ጥሎታል። መርማሪው እኔን «ይህች ሴት ዘመድህ ናት?» ሲል ጠይቆኛል። በጸሐፊው ምክር መሠረት «አዎ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ውሸቴ እዚያው ይጋለጥ ነበር፤ ሴትየዋ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበርና።

የሆነውን እንደሆነ ተናገርኩ። ከአሠሪዬ ጋር የተፈራረምኩትን ውል፣ ዩኤስዲቲው የገባበትን ቀን፣ የኦርደሩን ቁጥርና ከገዢው ጋር የተጻጻፍኩትን በሙሉ አትሜ በአንድ ፖስታ ይዤ ቀርቤያለሁ። መርማሪው «የእህቴ አካውንት ነው ወንድሜ» የሚለውን መስመር በእስክሪብቶ አሰመረበት፤ ምስክርነቴን በዚያው ዕለት ተቀበለኝ። በሕጉ በኩል ነጻ ነህ አላለኝም፤ ያጭበረበረው እኔ አለመሆኔን ግን አየ።

ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ጽሑፍዎ አሁንም ከቡድን ወደ ቡድን እየተላለፈ ነው፤ የሚያነቡትም በአብዛኛው የመጀመሪያ ክፍያቸውን የያዙ ወጣቶች ናቸው። ስለ ደላላውም ሆነ ስለ ጥሬ ገንዘቡ ልንለያይ እንችላለን። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነጥብ ግን እባክዎ ያርሙ፤ ብሩ ከማን ስም እንደመጣና በ«ምክንያት» መስመሩ ላይ ምን እንደተጻፈ እንዲያነቡ ይጨምሩበት፤ ለባንክ እንዲዋሹ የሚመክረውንም ያንሡት።